የውሻ ጠባይ የት ይለካል?

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሠራ ተማሪ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ። ጥቂት የፈላ ውኃ በትንሽ ስኒ ቀድተን ቀዝቃዛ ቴርሞሜትር ብንነክርበት፣ የምናነበው ቁጥር ውኃው መሣሪያው ከመነከሩ በፊት የነበረው ሙቀት አይደለም። ቴርሞሜትሩ ራሱ ለመሞቅ ከውኃው ሙቀት ወስዷልና ቁጥሩ የውኃውና የመሣሪያው የጋራ ውጤት ነው። ውኃው ብዙ ሲሆን ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም፤ ጥቂት ሲሆን ግን ልኬቱ የሚለካውን ነገር ይለውጠዋል። ስለዚህ የአንድ ልኬት ውጤት ሲነገረን «ስንት ሆነ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ሁኔታ ተለካ?» ብሎ መጠየቅ የሳይንስ ሀሁ ነው።

ይህ ጥያቄ ከቤተ ሙከራው በር ውጪ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ዛሬ የማነሣው ምሳሌ ከሙያዬ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩ ስለ ውሻ ነውና። አንድ ውሻ ጨዋ ነው ወይስ ተናካሽ፣ ከሕፃናት ጋር መኖር ይችላል ወይስ አይችልም ብሎ መፍረድም ልኬት ነው። በዚህ ፍርድ ውሻው ይኖራል ወይም ይሞታል፤ የወሰደው ቤተሰብም ወዳጅ ያገኛል ወይም ልጁ ይነከስበታል። በእኔ አስተያየት ውሻን በመልኩ ወድዶ መውሰድም ሆነ በመልኩ ፈርቶ መግደል አንድ ዓይነት ስህተት ነው፤ ሁለቱም ያለ ልኬት የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። የተሻለው መንገድ ውሻውን በሚያስተውል ሰው ቤት ለሳምንታት አቆይቶ ጠባዩን ማወቅ ነው። ይህ መንገድ በሌላው ዓለም በስፋት ይሠራበታል፤ ለእኛም የሚበጅ ትምህርት አለው።

የአደራ ቤት

በአሜሪካ ባለቤት የሌላቸው ወይም ባለቤቶቻቸው የተዉአቸው ውሾች በአብዛኛው የሚሰበሰቡት በመጠለያ ነው። መጠለያ ሲባል ውሾች እያንዳንዳቸው በብረት ፍርግርግ በተከለለ ክፍል የሚቀመጡበት ሕንፃ ነው። በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ1866 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የአሜሪካ ማኅበር ባወጣው ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አገሪቱ መጠለያዎች የገቡት ውሾችና ድመቶች ወደ 6.3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሲሆን ወደ 920 ሺ የሚሆኑት በመርፌ ተገድለዋል። ቁጥሩ እጅግ ብዙ ቢሆንም፣ ይኸው ማኅበር ለ2011 ከገመተው 2.6 ሚሊዮን ጋር ሲነጻጸር በብዙ ቀንሷል።

ከመጠለያዎቹ ጎን ለጎን ሕንፃ የሌላቸው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበራትም አሉ። እነዚህ ማኅበራት ውሻውን ከመጠለያ ወይም ከመንገድ ይወስዱና ለአንድ ቤተሰብ በአደራ ይሰጣሉ። የሕክምናውን፣ የክትባቱንና የማምከኑን ወጪ ማኅበሩ ይሸፍናል፤ ባለ አደራው ቤተሰብ ደግሞ ያበላል፣ ያለማምዳል፣ ከሁሉም በላይ ያስተውላል። ውሻ ማሳደግ የሚፈልግ ሰው ማመልከቻ ይሞላል፤ ከባለ አደራው ጋር ይነጋገራል፤ ብዙ ጊዜም ቤቱ ይጎበኛል። ስምምነት ላይ ሲደረስ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ ውል ይፈርማል። በውሉ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የማይቀር አንድ አንቀጽ አለ፦ ውሻው ባይስማማህ ለማኅበሩ ትመልሳለህ እንጂ ለሌላ አሳልፈህ አትሰጥም፣ መንገድ ላይም አትጥልም የሚል ነው።

«አደራ» የሚለውን ቃል የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃው የእርሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ሆኖም ከራሱ ዕቃ አብልጦ ይጠብቀዋል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

መጠለያው እንደ መለኪያ

አሁን ወደ ቴርሞሜትራችን እንመለስ። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ያለን ውሻ አይተን የምንሰጠው ፍርድ የውሻውን ጠባይ ይነግረናል ወይስ የፍርግርጉን?

ኮርቲሶል አካል በጭንቀት ጊዜ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በኦሃዮ ግዛት በአንድ መጠለያ የተካሄደ ጥናት ውሾች በገቡባቸው የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በደማቸው ውስጥ ያለው ኮርቲሶል በየቤታቸው ከሚኖሩ ውሾች ወደ 3 እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ5 መጠለያዎች የሚኖሩ 207 ውሾችን ለ1 ወይም ለ2 ሌሊት ብቻ ወደ ሰው ቤት ወስዶ በሽንታቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል ለካ። በቤት ባደሩበት ጊዜ መጠኑ ቀነሰ፤ ወደ መጠለያው ሲመለሱ ደግሞ ወደ ቀድሞው ከፍታ ተመለሰ። ውሻው ያው ውሻ ነው፤ የተለወጠው ቦታው ነው። እንግዲህ መጠለያው የሚለካውን ነገር የሚለውጥ መለኪያ ነው ማለት ነው።

ብዙ መጠለያዎች የውሾችን ጠባይ በአጭር ፈተና ይመዝናሉ። ውሻው እየበላ ሳለ በሰው ሠራሽ እጅ ምግቡን ይነካኩበታል፤ እንግዳ ሰው ያስጠጉበታል፤ ከዚያም «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት ተመራማሪዎች ይህን አሠራር በስታቲስቲክስ መርምረው ሳንቲም ከመወርወር የተሻለ አይደለም ሲሉ ተችተውታል። ምክንያቱን ማንኛውም ተማሪ በወረቀት ላይ ሊያሰላው ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ከ100 ውሾች 10ሩ በእርግጥ አደገኞች ናቸው እንበል። ፈተናውም ከ100 ጊዜ 80 ጊዜ ትክክል ይሁን። ከ10ሩ አደገኞች 8ቱን ይይዛል፤ 2ቱ ያመልጡታል። ከ90ዎቹ ጨዎች ግን 18ቱን በስህተት «አደገኛ» ይላቸዋል። ስለዚህ «ወደቁ» ከተባሉት 26 ውሾች መካከል 18ቱ ጥፋት የሌለባቸው ናቸው። «80 በመቶ ትክክል» የሚለው ቁጥር ጆሮ ላይ ያምራል፤ በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መርፌ የሚወጋ ሰው ግን ከሚገድላቸው ውስጥ አብዛኞቹን ያለ ጥፋታቸው ይገድላል።

«እንግዲያው ፈተናውን እንደጋግመዋ!» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ መልካም ሐሳብ ነው። ፈተናውን 3 ጊዜ ሰጥተን በአብላጫው ብንፈርድ በስህተት የሚኮነኑት ከ18 ወደ 9 ገደማ፣ 5 ጊዜ ብንሰጥ ደግሞ ወደ 5 ገደማ ይወርዳሉ፤ የሚያመልጡት አደገኞችም ይቀንሳሉ። ነገር ግን ይህ ስሌት የሚሠራው የአንዱ ፈተና ስህተት ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። ዜሮው በተዛባ ሚዛን 100 ጊዜ ብንመዝን 100 ጊዜ ያንኑ ስህተት እናገኛለን። ውሻው ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ በጭንቀት 5 ጊዜ ቢፈተን አምስቱም ፈተናዎች የሚለኩት ያንኑ ጭንቀት ነው። ስለዚህ የልኬቱን ብዛት ብቻ ሳይሆን ሁኔታውንም መለወጥ ያስፈልጋል። የአደራ ቤት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል።

መልክ ማስረጃ አይደለም

«እኔ ውሻን ዓይቼ አውቃለሁ፤ የዚህ ዝርያ ውሻ ኃይለኛ ነው፣ የዚያኛው ለልጅ ይሆናል» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ከ18 ሺ በላይ ለሚሆኑ ውሾች ባለቤቶች ጥያቄ አቅርቦ፣ ከ2 ሺ በላይ የሚሆኑትንም ውሾች ዘረመል አንብቦ ይህን እምነት መርምሮታል። በውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ውስጥ ዝርያ ሊያብራራ የቻለው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የጆሮው አቋምና የጠጉሩ ቀለም በዘር ይወረሳሉ፤ ይህ ውሻ፣ ይህ አንዱ፣ ነገ ምን እንደሚያደርግ ግን በመልኩ ላይ አልተጻፈም። የእኛ አገር የመንገድ ውሻ ደግሞ ከነጭራሹ የታወቀ ዝርያ የለውም፤ ስለዚህ ስለ እርሱ ከመልኩ የምናገኘው ዕውቀት እጅግ አነስተኛ ነው።

የባለ አደራዋ ደብተር

የዶክትሬት ትምህርቴን በኦሃዮ በምከታተልበት ጊዜ ክፍል ያከራዩኝ የነበሩት ጡረታ የወጡ መምህርት ውሾችን በአደራ እየተቀበሉ ያሳድጉ ነበር። ለእያንዳንዱ ውሻ አንድ ደብተር ነበራቸው። ስለ አንድ ጥቁር ውሻ የጻፉትን አሳይተውኛል። ከመጠለያው የመጣው ካርድ «ያጉረመርማል፤ ሰው አያስጠጋም» ይላል። ደብተሩ ግን እንዲህ ይቀጥላል፦ በ1ኛው ቀን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ዋለ፣ አልበላም። በ4ኛው ቀን ሌሊት ሰው ሳያየው በላ። በ9ኛው ቀን እስከ በሩ ተከተለኝ። በ16ኛው ቀን ራሱን ጉልበቴ ላይ አደረገ። መጥረጊያ ሲነሣ ይደነግጣል። ሌላ ውሻ ወደ ሳህኑ ሲቀርብ ጥርሱን ያሳያል። በ30ኛው ቀን ደግሞ «የሚሮጥ ሕፃን ሲያይ ያሳድዳል፤ እስካሁን አልነከሰም፤ ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ግን አይሆንም» ብለው ጽፈዋል።

በዚህ ደብተር ውስጥ ካርዱ ሐሰት ነው የሚል ቃል የለም። ውሻው በእርግጥ አጉረምርሟል። ካርዱ የጎደለው «በምን ሁኔታ?» የሚለው መልስ ነው። ደብተሩ ያንን መልስ ሰጠ፤ ውሻውንም ጎልማሳ ባልና ሚስት ወሰዱት። ማስታወሻው ውሻውን ያዳነው በማሞገስ አልነበረም። መልካሙንና ክፉውን ከነሁኔታው መዝግቦ የሚስማማው ቤት የትኛው እንደሆነ በማሳወቅ ነበር።

ይህ የአንድ ቤት ምሳሌ ነው፤ ሰፋ ያለ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመና በ51 የአሜሪካ መጠለያዎች የተካሄደ ጥናት፣ ለአጭር ጊዜ በሰው ቤት ያደሩ ውሾች ካላደሩት ይልቅ አሳዳጊ የማግኘት ዕድላቸው 14 እጥፍ ያህል፣ ለጥቂት ሰዓታት ከመጠለያ ወጣ ብለው የተመለሱት ደግሞ 5 እጥፍ ከፍ ብሎ ማግኘቱን ገልጿል። እርግጥ ነው፣ ጠንቃቃ አንባቢ «ለመውጣት የተመረጡት ውሾች ድሮውንም ተወዳጆቹ ቢሆኑስ?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ 14 እጥፉም ሙሉ በሙሉ የቤቱ ውጤት ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሆኖም ከኮርቲሶሉ ልኬት ጋር ሲታይ አቅጣጫው ግልጽ ነው።

የአደራ ቤትም ስህተት አለው

ስህተት የሌለው መለኪያ የለም። ባለ አደራው ውሻውን ይወድደዋልና ጉድለቱን ሊያቃልል ይችላል፤ እንዲያውም ብዙዎች መለየት አቅቷቸው ውሻውን ራሳቸው ያስቀሩታል። የአደራው ቤት ጸጥ ያለ ከሆነና የሚሄድበት ቤት ስድስት ልጆች የሚንጫጩበት ከሆነ፣ በአንዱ የተለካው ለሌላው አይሠራም። በቤት የሚያዙት ውሾች ቁጥርም ከፈቃደኞች ቁጥር አይበልጥም። አንዳንድ ማኅበራት ደግሞ አመልካቹን በጥያቄ ብዛት አሰልችተው በጎ አሳዳጊዎችን ያባርራሉ፤ ይህ ቅሬታ እውነትነት አለው።

መፍትሔው መለኪያውን መጣል አይደለም፤ ስህተቱን አውቆ መጠየቅ ነው። ከአደራ ቤት ውሻ የሚወስድ ሰው «ጨዋ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው መልስ ብዙ አይጠቅመውም። ይልቁንም እንዲህ ብሎ ይጠይቅ፦ ስንት ሳምንት ቆየ? ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን፣ ዶሮ፣ ድመት ወይም ሌላ ውሻ አለ? ብቻውን ሲቀር ምን ያደርጋል? ለመጨረሻ ጊዜ ያጉረመረመው መቼ ነው፣ በፊቱስ ምን ነበር? መልሱ «አላውቅም፣ አልተፈተነም» ቢሆን ሐቀኛ መልስ ነው፤ አዲሱ ባለቤት ራሱ በጥንቃቄ መፈተን እንዳለበት ይነግረዋልና። በአሳዳጊዎች ዘንድ የተለመደ አንድ ምክርም አለ፦ ለመረጋጋት 3 ቀን፣ ሥርዓት ለመልመድ 3 ሳምንት፣ ቤቴ ነው ለማለት 3 ወር ስጡት ይላሉ። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የልምድ ግምት ነው፤ ሆኖም በመጀመሪያው ሳምንት ከመፍረድ ያድናል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ

አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ የውሻ ጠባይ ከሚኖርበት ቦታ ጋር የተሳሰረ መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል። እኛ ግን በተግባር ከዚህ ዕውቀት ርቀናል። ወንዱን ቡችላ ለጥበቃ እናስቀራለን፤ ሴቷን «ትወልዳለች» ብለን በጆንያ ወስደን እንጥላለን። የተጣለችው አድጋ መንገድ ላይ ትወልዳለች፤ ከዚያም ቁጥራቸው በዛ ተብሎ መርዝ ይታሰባል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ስትሪክኒን በተባለ መርዝ መግደል ለረጅም ዘመን የታወቀ ዘዴ ነበር። ይህ መርዝ ጡንቻን የሚያዝናናውን የነርቭ መልእክት ስለሚያግድ እንስሳው እየተንፈራገጠ፣ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።

ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ምክንያቱ ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው በየዓመቱ በዓለም ላይ ወደ 59 ሺ ሰዎችን እንደሚገድል፣ ከእነዚህም ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንደሆኑ ይገምታል። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። አገራችንም ክፉኛ ከተጎዱት መካከል ናት። ይሁን እንጂ ይኸው ድርጅት ውሾችን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያቆመው፣ የሚያቆመው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ እንደሆነ ያስተምራል። የተገደሉት ውሾች የለቀቁት ሠፈርና የምግብ ፍርፋሪ ያልተከተቡ ሌሎችን ይስባል፤ መርዙም የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። የተከተበ ውሻ ሲሞት የሠፈሩ አጥር ይፈርሳል።

ሰው የነከሰን ውሻ በተመለከተም ሕክምናው የሚሰጠው ምክር ከጉዳያችን ጋር ይገጥማል። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል። ውሻው ጤነኛ ከመሰለና ሊያዝ ከተቻለ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል፤ ከ10 ቀን በኋላ በጤና ካለ በነከሰበት ጊዜ በምራቁ ውስጥ ቫይረሱ አልነበረም ማለት ነው። እዚህም ላይ ዕውቀት የሚሰጠው ጊዜና ትዕግሥት ያለበት ምልከታ ነው። በድንጋይ ተቀጥቅጦ የተጣለ ውሻ ግን ምንም አይነግረንም።

የአደራ ቤት ብቻውን የከተሞቻችንን ውሾች ቁጥር አይፈታም፤ ይህን የሚፈታው በስፋት መከተብና ማምከን ነው። ነገር ግን አንድ ቡችላ በአንድ ቤተሰብ ጊቢ ለ2 ወር ቢቆይ ይከተባል፣ ጠባዩ ይታወቃል፣ ተጣርቶም ለሚስማማው ሰው ይሰጣል። በብዙ ቤተሰቦቻችን ዘንድ ውሻ ቤት ውስጥ አይገባም፤ መግባትም የለበትም አልልም። አደራው ሳሎንና አልጋ አይጠይቅም፤ በጊቢው ጥግ ዝናብ የማያስገባ ማደሪያ፣ የተረፈ ምግብ፣ ንጹሕ ውኃና የሚያስተውል ዓይን ይበቃዋል።

ለተማሪዎች

በየዩኒቨርሲቲው ከምግብ አዳራሹ በስተጀርባ የሚኖሩትን ውሾች ከእናንተ በላይ የሚያውቃቸው የለም። የትኛዋ እንደወለደች፣ የትኛው ሌሊት ዘበኛውን እንደሚከተል፣ የትኛው ድንጋይ የያዘ ሰው ሲያይ እንደሚሸሽ ታውቃላችሁ። ይህን ዕውቀት ወደ መረጃ መለወጥ የሳይንስ ክበብ ሥራ ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በቢሾፍቱ፣ በጎንደር፣ በሐረማያ፣ በመቀሌና በሌሎችም ከተሞች ይሰጣል። ክበቦቻችሁ ከእነዚህ ተማሪዎችና መምህሮቻቸው ጋር ቢጣመሩ በአንድ ጊቢ ያሉትን ውሾች መቁጠር፣ ከ70 በመቶ በላዩን ማስከተብ፣ ቡችሎቹንም ፈቃደኛ ለሆኑ ቤተሰቦች በአደራ መስጠት ይቻላል። ያልተከተበ ወይም የታመመ የሚመስል ውሻ ግን በባዶ እጅ አይነካም፤ ይህ ለሐኪሙ የሚተው ሥራ ነው።

ለእያንዳንዱ ውሻም አንድ ደብተር ይኑረው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ በፊቱ የነበረው ነገር፣ ያደረገው ነገር ይጻፍ። «ክፉ» እና «ደግ» የሚሉት ቃላት ለመጨረሻው ገጽ ይቆዩ። ይህን የለመደ ተማሪ ስለ ውሻ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውም በአንድ ቀን ካርድ ከመፍረድ ይቆጠባል ብዬ አምናለሁ። ውሻውን የሚያሳድጉት ቤተሰቦችም ምን ዓይነት እንስሳ እንደተቀበሉ አውቀው ይቀበላሉ፤ የሚነከስ ልጅ ይቀንሳል፤ ያለ ጥፋቱ የሚሞትም ውሻ ይቀንሳል።